ዉድስቶክ ላይ የተጫወተው ሄንድሪክስ፦ ኦሪጅናሉን ልግዛ ወይስ ያልተፈቀደውን ቅጂ?

ባለፉት ሁለት ዓመታት ቢያንስ ስድስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ዉድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ያቀረበውን ሙዚቃ ለመግዛት ይነሡና ገበያ ሲወጡ በአንድ በኩል ባለመብቶቹ ያሳተሙትን፣ በሌላ በኩል «ሙሉው ዝግጅት»፣ «ያልተቆረጠ»፣ «ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ» የሚል የተጻፈባቸውን ያልተፈቀዱ ቅጂዎች ያገኛሉ፤ ከዚያም ስልክ ይደውላሉ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በ1999 «ላይቭ አት ዉድስቶክ» በሚል ርእስ የታተመውን ባለ ሁለት ሲዲ፣ ያገለገለውን፣ ከ10 ዶላር በታች ፈልጋችሁ ግዙ። የቀረው ጽሑፍ ይህን መልስ በስንት ዶላር ኪሳራ እንደ ተማርሁት የሚያስረዳ ነው።

ኪሳራው የጀመረው እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ በተዘጋጀ አንድ የሸክላ ገበያ ላይ ነው። ሻጩ ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ባለ ሁለት ሸክላ፣ ሽፋኑ ወፍራምና የሚያምር ዕትም አሳየኝ፤ ጀርባው ላይ ከተዘረዘሩት ዘፈኖች መካከል በሕጋዊው ዕትም የማይገኙት፣ ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ላሪ ሊ የዘፈናቸው ሁለት ዘፈኖች ነበሩ። 60 ዶላር ጠርቶ በ48 ተስማማን። ቤት ወስጄ ሳጫውተው የላሪ ሊ ዘፈኖች በሽፋኑ ላይ እንጂ በሸክላው ላይ አልነበሩም፤ የቀሩትም ቢሆኑ ጥራቱ ከቀነሰ የኮምፒዩተር ፋይል የተገለበጡ የዚያው የ1999 ሕጋዊ ሲዲ ቅጂዎች መሆናቸውን ሁለቱን ጎን ለጎን እያጫወትሁ አረጋገጥሁ። በየዘፈኑ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስታዲየም የሞላ ሕዝብ ጩኸት ተጨምሮበታል። ይህ ጩኸት ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ፌስቲቫሉ ያበቃል ከተባለበት እሑድ ሌሊት አልፎ፣ ሰኞ ኦገስት 18 ቀን ጠዋት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ከመጣው ሕዝብ አብዛኛው በጭቃው ውስጥ አድርጎ ወደየቤቱ ሄዶ ነበር።

እንግዲህ ለምን ያልተፈቀደ ቅጂ ፈላጊ ኖረው? በዚያ ጠዋት ከሄንድሪክስ ጋር የቆሙት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ድራም ላይ ሚች ሚቸል፣ ቤዝ ላይ የሠራዊት ጓደኛው ቢሊ ኮክስ፣ ሁለተኛ ጊታር ላይ ከቬትናም ጦርነት ገና መመለሱ የነበረው ላሪ ሊ፣ ከበሮ ላይ ደግሞ ጁማ ሱልጣንና ጄሪ ቬሌዝ። አስተዋዋቂው በቀድሞው የቡድኑ ስም ቢጠራቸውም ሄንድሪክስ ራሱ ማይክሮፎኑን ይዞ ስማቸው መለወጡን ተናግሯል። ሁለት ሰዓት ገደማ ተጫወቱ። ላሪ ሊም በመካከሉ ሁለት ጊዜ ዘፈነ፤ አንደኛው «ማስተርማይንድ» የተባለው የራሱ ድርሰት ሲሆን ሁለተኛው የከርቲስ ሜይፊልድ «ጂፕሲ ዉመን» ነው። ባለመብቶቹ እነዚህን ሁለቱን በየትኛውም ዕትማቸው ላይ አላወጧቸውም። በ2019 ለፌስቲቫሉ 50ኛ ዓመት ሌላ አሳታሚ 38 ሲዲ ያለው፣ በ1,969 ቅጂ ብቻ የተወሰነና 800 ዶላር ገደማ የተሸጠ ግዙፍ ሣጥን ሲያወጣ እንኳ፣ የሌላው ሁሉ ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ሲገባ እነዚህ ሁለት ዘፈኖች ባለመብቶቹ ስላልፈቀዱ ቀርተዋል። 800 ዶላር ከፍሎም የማይገኝ ነገር መሆኑ ነው ሐሰተኛ ሻጮችን ያደለባቸው።

ስለዚህ ያልተፈቀደውን ቅጂ የሚፈልግ ሰው ሞኝ ነው አልልም፤ ያንን ጠዋት እንደ ነበረ፣ ከነስሕተቱ፣ ከነቅኝት ማስተካከሉ መስማት የሚሻ ሰው እውነተኛ ምክንያት አለው። እኔም ብዙ ቆይቼ የላሪን ሁለት ዘፈኖች ከአንድ ሰብሳቢ ወዳጄ ቤት ሰምቻቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ የደከመ፣ አዘፋፈኑም ልብን የሚያንጠለጥል አይደለም፤ ባለመብቶቹ የተዉበት ምክንያት ይገባል። ሆኖም ከጦር ሜዳ በተመለሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያን ያህል ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው ድምፅ መሆኑን ስታውቁት በሌላ ጆሮ ትሰሙታላችሁ። ይህን ለመስማት ግን 48 ዶላር አይከፈልም።

ወደ ሕጋዊዎቹ ስንመለስ፣ በ1970 እና በ1971 በወጡት የፌስቲቫሉ የጋራ ሸክላዎች ላይ የሄንድሪክስ ድርሻ ጥቂት ዘፈን ስለ ሆነ ለዚህ ጉዳይ አይረዱም። በ1994 የወጣው ነጠላ ሲዲ ዘፈኖቹን ቆራርጦ፣ ቅደም ተከተላቸውንም አዛብቶ ያቀረበ ነው፤ በሁለት ዶላር ቢያጋጥማችሁም እለፉት። የ1999ኙ ግን በዚያ ጠዋት ከመድረኩ ጀርባ ሆኖ በስምንት ትራክ ቴፕ (ስምንት ድምፆች ለየብቻ በሚቀዱበት) ባስቀዳው በኤዲ ክሬመር እጅ እንደ ገና የተቀናበረ ስለ ሆነ በጊታሩ ድምፅ ጥራት ማንኛውም ቅጂ አይወዳደረውም። የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ሲጫወት ጊታሩ የሚያወጣው የቦምብና የሰይረን ድምፅ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ወደ «ፐርፕል ሄዝ» የሚሻገርበት ቅጽበት፣ ቀጥሎም ጊታሩ የሚያንጎራጉርበት ጸጥ ያለ ክፍል በሌሎቹ ቅጂዎች ላይ ተድበስብሶ የሚያልፍ ሲሆን እዚህ ግን ጣቱ ከክሩ ላይ ሲነሣ ሳይቀር ይሰማል። ጉድለቱንም አልደብቅም፤ ሁለቱ ከበሮ መቺዎች በዝግጅቱ ፊልም ላይ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ሲደልቁ ይታያሉ፣ በሲዲው ላይ ግን ጆሮ ጨርሶ አያገኛቸውም ማለት ይቻላል፤ የላሪ ሊም ጊታር እንዲሁ ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ዋጋውን በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ሁሉም እኔ ራሴ የከፈልሁት ነው። የ1999ኙን ያገለገለ ባለ ሁለት ሲዲ በ8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከሰፈሬ ያገለገሉ ዕቃዎች መደብር ገዛሁ። ለወንድሜ ልጅ ሁለተኛ ቅጂ በፖስታ ያስመጣሁት ደግሞ 6 ዶላር ሲሆን ከነማጓጓዣው 10 ዶላር ደረሰ። በ2005 የወጣውን ባለ ሁለት ዲስክ ዲቪዲ፣ ከሌላ አቅጣጫ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸውን ምስል ጭምር የያዘውን፣ በ7 ዶላር አገኘሁት። የወንድሜን ልጅ ቅጂ ሳይጨምር ለራሴ የገዛኋቸው ሁለቱ ድምር 15 ዶላር ከ50። በሌላው ወገን ያልተፈቀደው ብርቱካናማ ሸክላ 48፣ በቤት ኮምፒዩተር የተቃጠለ (ማለትም የተቀዳ) ሲዲ 18፣ ከአውሮፓ የመጣና በፋብሪካ የታተመ አሮጌ ያልተፈቀደ ሲዲ 30 ዶላር፤ ድምሩ 96። ሕጋዊው ከሕገ ወጡ ስድስት ጊዜ የሚረክስበት ገበያ ውስጥ ገብቶ ውዱን መርጦ መመለስ፣ አባቶች እንደሚሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዋጋው በላይ ደግሞ የጥገናው ወጪ አለ። ያ 18 ዶላር የተከፈለበት የተቃጠለ ሲዲ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። መኪናዬ ውስጥ አስገብቼው በበጋ ሙቀት ወረቀቱ ተላቅቆ ከማጫወቻው ውስጥ ተቀረቀረና ሊወጣ አልቻለም፤ ጥገና ቤቱ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ለማውጣት 95 ዶላር አስከፈለኝ። ብርቱካናማው ሸክላም ዳሩ በደንብ ያልተስተካከለ፣ መካከሉ ያለው ቀዳዳም ትንሽ የተዛባ ስለ ነበር ሲሽከረከር ድምፁ እንደ ሕመምተኛ ይንቀጠቀጣል። መርፌዬ ከሸክላው ዳር ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ተጣመመ፤ አዲስ መርፌ 34 ዶላር። አዲስ አበባ ሳለን ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እየሄድን እያስቀዳን ያደግን ሰዎች የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ እንዴት እንደሚሰማ እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ አማራጭ አልነበረንም፣ ካሴቱም ማጫወቻ አይሰብርም ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም የላሪን ዘፈኖች ካልያዝሁ የሚል ሰው ቢያንስ ከመክፈሉ በፊት የሚከተለውን ይመርምር። ሲዲ ከሆነ ገልብጦ ከሥሩ ይየው፤ በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብርማ ሲሆን፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚመታ ቀለም ካለው በቤት የተቃጠለ ነው፤ በዓመታት ውስጥም ሊበላሽ ስለሚችል ከሁለትና ከሦስት ዶላር በላይ አያወጣም። ሸክላ ከሆነ በመለያ ወረቀቱና በመጨረሻው ዱካ መካከል ያለውን የተቀረጸ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ «ዲስኮግስ» ከተባለው መዝገብ ጋር ያስተያይ፤ ይህ መዝገብ ያልተፈቀዱ ቅጂዎችን ለመረጃ ይመዘግባል እንጂ እንዲሸጡበት ስለማይፈቅድ፣ ስለ ጥራታቸው የሚሰጠው አስተያየት ከሻጭ አፍ የተሻለ ነው። ሽፋን ላይ የተጻፈን የዘፈን ዝርዝር ማንም አይመን፤ ሻጩ እዚያው እንዲያጫውተው ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ ይታለፍ።

ሌላው መመርመሪያ ቅኝቱ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምተማመንበትም እርሱ ነው። ሄንድሪክስ ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ስለ ነበር፣ መዝጊያው «ሄይ ጆ» የሚያርፍበት ድምፅ ኢ (E) ሳይሆን ኢ ፍላት (E♭) ነው። በስልካችሁ ላይ የጊታር መቃኛ ክፈቱና ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አስጠጉት። ኢ የሚል ከሆነ ቴፑ ፈጥኖ ተገልብጧል ማለት ነው፤ የግማሽ ቶን ልዩነት ስድስት በመቶ ያህል ፍጥነት ስለ ሆነ ከአንድ ሰዓት ሙዚቃ ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ በልቷል፣ ዘፋኙንም በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ አስመስሎታል። ያ 30 ዶላር የከፈልሁበት የአውሮፓ ሲዲ በዚህ ፈተና ወድቋል፤ ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ ሰው መቃኛም ሳያስፈልገው በመጀመሪያው ዘፈን ይነቃበታል።

«ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ» የሚለውንም ጽሑፍ በጥርጣሬ እዩት። የስምንት ትራኩ ዋና ቴፕ በባለመብቶቹ እጅ ነው ያለው። ሻጩ የያዘው ወይ ከዚያ ከተቀናበረ አንድ ቅጂ ያፈተለከ፣ ወይ ከምስል ቀረጻ ላይ የተወሰደ፣ ወይም ከሕዝቡ መካከል የተቀዳ ነው፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር ብቻ የተቀዱ (ሞኖ) ሆነው ሳለ በኮምፒዩተር ግራና ቀኝ ተከፍለው ሰፋ ያሉ እንዲመስሉ ተደርገው ይሸጣሉ። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት ድራሙ ከጭንቅላታችሁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲዋኝ ካገኛችሁት ይኸው ነው።

በመጨረሻም ስለ መመለስ። አሜሪካ ውስጥ የቀጥታ ዝግጅትን ሳያስፈቅዱ ቀድቶ ለንግድ ማዋል ከ1994 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ስለዚህም ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ አይገኝም፣ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ገንዘብ አይመለስም። በሚቀጥለው ወር ያንኑ የሸክላ ገበያ ሄጄ ሻጩን ፈልጌው ነበር፤ በቦታው የአሮጌ ፖስተር ነጋዴ ተቀምጧል።

ሸክላ ካልሆነ አልሰማም ለምትሉ ሕጋዊው ባለ ሦስት ሸክላ ዕትም አለ፤ አዲሱን በ45 ዶላር አይቼዋለሁ፣ ከብርቱካናማው ላይ ሦስት ዶላር ይቀንሳል። ባለፈው ሳምንት ስድስተኛው ጠያቂ ጓደኛዬ የ1999ኙን ሲዲ በ7 ዶላር አግኝቶ ደወለልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ብሔራዊ መዝሙሩ ካወራ በኋላ «ከበሮዎቹ ግን የት ሄዱ?» አለኝ፤ ዲቪዲውን እንዲገዛ ነገርሁት፣ ቢያንስ ሲመቱ ያያቸዋል።