ብርድ የሚቋቋመው በለስ በጎንደር ጓሮ
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ አዘዞ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ችግኝ ጣቢያ «ቺካጎ ሃርዲ» የተባለውን የበለስ ዝርያ ሦስት ችግኝ፣ አንዱን በ350 ብር ሒሳብ ገዝቼ በጓሮዬ ተክያለሁ። በለስ ሲባል የቁልቋሉ ፍሬ ለሚታሰባችሁ፣ የምጽፈው ስለዚያ ሳይሆን ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ስለተከፋፈለውና ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለምናውቀው ዛፍ ነው።

ሻጩ አጥብቆ ያሞገሰልኝ ዝርያው ብርድ መቋቋሙን ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ስሙን ካገኘባት ከአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ ብርድ ጋር የተላመደ በለስ በመሆኑ ግንዱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚደርስ ቅዝቃዜ ይችላል፤ ግንዱ በውርጭ ቢሞት እንኳ ከሥሩ አቆጥቁጦ በዚያው ዓመት በበቀለው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ያፈራል። ለደባርቅ ነዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትገኝም እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም፤ እዚህ በለስን የሚፈትነው የታኅሣሥ ሌሊት ሳይሆን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው።

ይህን የተረዳሁት በሁለተኛው ክረምት ነው። ዛፎቹ ጥሩ ፍሬ ይዘው ነበር፤ ነገር ግን ፍሬው ሊበስል ሲል ውኃ እየጠጣ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ኮመጠጠ፣ ዝንብም ወረረው፤ ከዚያ ሁሉ ለአፍ የደረሰው ከአሥር አይበልጥም። በጣም አዘንኩ። በኋላ ግን ዝርያው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ማፍራቱ ለእኛ አገር ከብርድ መቋቋሙ ይበልጥ እንደሚጠቅም ገባኝ፤ የመግረዣውን ጊዜ መምረጥ ከተቻለ የሚበስልበትንም ወቅት መምረጥ ይቻላልና። ስለዚህ መስቀል እንዳለፈ ቅርንጫፎቹን ከግማሽ በላይ ገረዝኩ፤ በወሩ አዲስ ቀንበጥ ወጣ፣ በኅዳር ፍሬ ታየ፣ የካቲት ላይ በደረቁ አየር መብሰል ጀመረ። በእርግጥ የበጋ ፍሬ ውኃ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ አጠጣለሁ፣ ግርጌውንም እርጥበት እንዲይዝ በገለባ እሸፍነዋለሁ። የውኃ ፈረቃ ለሚያስቸግረው ሠፈር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

በጣዕሙ በኩል ቅር የሚያሰኝ ነገር የለም። ልጣጩ ወይን ጠጅ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ውስጡ እንደ እንጆሪ የቀላ፣ መጠኑ መካከለኛ ነው። የመልቀሙ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በለስ እንደ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። መልኩ ስለጠቆረ ብቻ አትልቀሙት። አንገቱ ሲዝል፣ ፍሬው ቁልቁል ሲንጠለጠል፣ ልጣጩ ላይ ጭረት የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ሲታዩና ከታች ባለችው ዓይኑ የማር ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ደርሷል። ከተቆረጠበት ቦታ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ገና ነው። ይህ ወተት በቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ግርዛት ያለ ጓንት በመሥራቴ ክንዴ ለሳምንት ያህል ቆስሎ ነበር። የበሰለው በለስ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ስለማይቆይ ጠዋት ለቅሞ በዕለቱ መብላት፣ የተረፈውን ደግሞ ለሁለት ከፍሎ ማድረቅ ይሻላል። ወፎች ከሰው ቀድመው ብስሉን ስለሚያውቁ መረብ ማልበስ የግድ ነው።

በችግኝ ጣቢያው ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሦስቱ ችግኞች አንዱን የሚመለከት ነው። ዓመት ሙሉ ሳያድግ ቢቀር ነቅዬ ሳየው ሥሩ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ሞልተውበት ነበር፤ ይህ በዓይን የማይታዩ የሥር ትሎች ምልክት ነው። በሽታው ከችግኙ ጋር መጥቶ እንደሆነ ወይም ቀድሞ ቲማቲም ይበቅልበት ከነበረው መደቤ ይዞት እንደሆነ መፍረድ ባልችልም፣ ሻጩ ግን አቤቱታዬን ሊሰማ አልፈለገም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የችግኙን ፕላስቲክ አስገልጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ንጹሕና ነጣ ያለ ካልሆነ አትውሰዱ።

የቀሩት ሁለቱ ዛፎች ጤነኞች ናቸው። አፈሬ ዋልካ በመሆኑ የተከልኳቸው ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ከቤቱ ግድግዳ አራት ሜትር ያህል አርቄ ነው፤ በፋሲል መዋኛ አጥር ላይ የተጠመጠሙትን የዘመዶቻቸውን ሥሮች ያየ ሰው ለምን እንዳራቅኋቸው ይገባዋል። ፍሬ ለመያዝ ሌላ ዛፍ ወይም ነፍሳት ስለማያስፈልገው፣ ጓሮው ጠባብ ለሆነ ሰው አንድ ችግኝ ብቻ ይበቃዋል፤ በመጪው መስከረም ስገርዝ የሚተርፉትን እርሳስ የሚያካክሉ ቅርንጫፎች ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ እንዲተክሏቸው ለጎረቤቶቼ በነፃ እሰጣለሁ።