ለቁልቢ እንግዳ የያዛችሁ፣ «የደንገጎ ፏፏቴ» ብለው ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

7,500 ብር። በቴሌብር፣ ከአንድ ቀን በፊት፣ በገዛ እጄ።

ትናንት ታኅሣሥ 21 ነው። ከአዲስ አበባ ለገብርኤል የመጡ እንግዶች አሉኝ፤ የአክስቴ ልጅ፣ ባሏና የሰባት ዓመት ልጃቸው። ስለታቸውን አስገብተው፣ ንግሡ አልፎ፣ ሁለት ቀን ድሬ አረፍ ሊሉ ነው። ቀፊራን አሳየኋቸው፣ ለገሃርን አሳየኋቸው፣ ሙሸበክ አበላኋቸው፤ ከዚያ አለቀብኝ። ልጁም «አሁንስ የት ነን የምንሄደው?» ማለት ጀመረ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ሌላ ጊዜ ስልክ ያሻሽጣል፣ ቤት ያከራያል፣ በታኅሣሥና በሐምሌ ደግሞ «ጉዞ አዘጋጅ» ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፋል፣ «የኔ እናት» ይልሻል፣ ሁሌም የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ለአምስት ሰው፣ ለእንግዶቼ፣ ለእማዬና ለእኔ፣ ስጠይቀው ግን አምስቱም ተገኘ። በነፍስ ወከፍ 1,500፤ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ መግቢያ ሁሉን ጨምሮ። የልጁም ሙሉ። «ወንበር ይይዛላ» አለኝ። ልጁ ደርሶ መልስ እናቱ ጭን ላይ ነበር።

ፎቶው ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰፊ ገደል፣ ነጭ ጢስ፣ ቀስተ ደመና፤ ከሥሩ «የደንገጎ ፏፏቴ» ይላል። ጢስ ዓባይ ነው እኮ! ባሕር ዳር ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባላየውስ፣ የድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ፏፏቴ አይደል? ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ ስንቴ ጨብጬዋለሁ። አንድ ብር ላይ የነበረውን ፏፏቴ በ1,500 ብር ገዛሁ። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ዓባይ ራሱ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ መጠለፍ ከጀመረ ወዲህ እንደ ፎቶው ሆኖ የሚታየው በክረምት ነው፤ ደንገጎ በታኅሣሥ ምን ሊያሳየኝ ኖሯል?

እማዬ ደግሞ ነግራኝ ነበር። «በዚህ ደረቅ ወር ምን ውሃ አለ ብለሽ ነው?» አለችኝ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «ምንጭ ነው አሉ፣ አይደርቅም» አልኳት። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እየረገጥኩ ያደግኩ ሰው! ደቻቱ የሚመጣው ከነዚሁ ከደንገጎ ተራሮች ነው። ላይ ሲዘንብ በ1998 ክረምት እንዳየነው ሰውም ቤትም ጠርጎ ይሄዳል፤ ዝናቡ ሲያባራ አሸዋ ብቻ። ታች ጠብታ ሳይኖር ላይ ፏፏቴ አለ ብዬ እናቴን አስረዳኋት።

1 ሰዓት ይመጣል የተባለው አባዱላ 2 ከሩብ መጣ። «ለእናንተ ብቻ» የተባለው መኪና ውስጥ የማናውቃቸው ሁለት ሰዎችና አራት ከረጢት ሲሚንቶ ተጭነዋል። እግራችንን ሲሚንቶ ላይ ሰቅለን ዳገቱን ወጣን፤ ሳንጨርሰው አንዱ ጥምዝ ላይ ቆመ።

ሻጩ ቀድሞ ወረደ። ከአስፋልቱ ወደ ገደሉ የምትወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ከቁልቋል ወደ ድንጋይ ሰማያዊ ገመድ ተወጥሯል፤ አራት ልጆች አጠገቡ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የሕፃኑን የጫማ ክር እያሰርኩ ነው። አላየኝም፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። በኦሮምኛ ነው፦ «ፊንፊኔራ ዱፈን። ዲባ ሰዲ ጋፈዳ፣ ዲቢ ቶኮ ከን ኮቲ።» ከአዲስ አበባ ናቸው፣ ሦስት ሦስት መቶ ጠይቁ፣ አንዷ መቶ የኔ ናት።

ክሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። መንገዱን ሁሉ ከእንግዶቼ ጋር አማርኛዬን አሳምሬ ሳወራ ሰምቶ እኔንም ከመጪ ቆጥሮኛል! ተነሣሁና በዚያው በኦሮምኛ፣ መግቢያውን ትናንት ተቀብለኸኝ የለም ወይ፣ ያቺ መቶህ የምኑ ናት አልኩት።

ይደነግጣል ብላችሁ? ሳቀ። «አቦ! የድሬ ልጅ ከሆንሽ መጀመሪያ አትናገሪም? ለናንተ እኮ ሌላ ዋጋ ነው ያለን!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ መታ መታ ናት። ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት፤ ቀድሜ ብናገር ኖሮ እንግዶቼ በቅናሽ ይዘረፉልኝ ነበር። ከልጆቹ ትንሹ ብቻ አንገቱን ደፋ። በነሱ ብዙም አልፈርድም።

እኔ ስጨቃጨቅ የአክስቴ ልጅ ባል 1,500 ብር ቆጥሮ ሰጥቷል። «ተዪው፣ ልጆቹ ሻይ ይጠጡበት» አለኝ። የእንግዳ ብር! እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ከመኪናው አልወረደችም፤ የሷም ሦስት መቶ ተቆጥሯል።

ፏፏቴውማ፣ አለቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር የእርጥበት መስመር አለ። በክረምት ይወርድ ይሆናል። ትናንት ግን ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ አንዲት ሴትዮ ቢጫ ጀሪካን ደቅና ተቀምጣለች። ጠብ፣ ጠብ። ጀሪካኑ ሩቡ እንኳ አልሞላም። በመሀላቸው ገብተን ፎቶ ማንሳት አፈርን። ሕፃኑ «ፏፏቴው የታለ?» ሲል ሴትዮዋ አየችንና ለእኛ አፍራ ዞር አለች።

ስንመለስ እማዬ በመስኮት «አያችሁት?» አለች። መልሱን እሱ ቀደመን፦ «እማማ፣ ፏፏቴ እንደ ቧንቧ አይከፈትም! የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ተመልሶ የለ? ይሄም ይመለሳል።»

ምሳው በፌስታል የታሰረ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ ነው፣ ለሰው ሁለት ሁለት።

ማታ ስደውል «ቴሌግራም ላይ ጻፊልኝ» አለ። ስጽፍ የሱ ፎቶ ጠፍቶ ባዶ ክብ ብቻ ቀረ፤ ዘግቶኛል። የቴሌብር ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ደግሞ የድርጅት አይደለም፣ የሱም አይደለም፣ የሴት ስም ነው።

ለማንኛውም፣ የዚህ ሳምንት ቪዲዮ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ በሰው ስም ቅድሚያ አትክፈሉ። ደግሞ ከቤት ስትወጡ ደቻቱን አይታችሁ ሂዱ። ፎቶውን እስካሁን ይለጥፈዋል፤ የኔን ደረሰኝ ማየት የሚፈልግ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።