ባለ 32 ሳንቲሟ የሐኑካ ቴምብር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰብሳቢ

ከአሜሪካ የሐኑካ (የአይሁድ የብርሃን በዓል) ቴምብሮች አንድ ብቻ ምረጥ ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1996 የወጣችው ባለ 32 ሳንቲሟ ትበልጣለች። ከእስራኤል ጋር በጋራ የወጣች ስትሆን ንድፏ የሐና ስሞትሪች ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሻማዎቹ ከሩቅ ይለያሉ። በ2018 የወጣችው ቴምብር የታማር ፊሽማን የወረቀት ቅድ ናት፤ ሥራው የረቀቀ ነው፤ በቴምብር መጠን ግን ዝርዝሩ ይጠፋል።

ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። ያው ሥዕል በ1999 በ33፣ በ2001 በ34፣ በ2002 ደግሞ በ37 ሳንቲም ወጥቷል፤ «የመጀመሪያዋ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። ሞገድ የመሰለው ጠርዟ አያጠራጥር፤ ራሷ የምትለጠፍ ስለሆነች በመቁረጫ የተሠራ እንጂ የተበሳ ጥርስ አይደለም። የእስራኤሏን ጥንድ የሚፈልግ ከሥሯ የሚንጠለጠለውን ታብ (ዋጋ የሌለበትን ተቀጥላ ወረቀት) ይጠይቅ፤ ታብ የሌላት በርካሽ ነው መገዛት ያለባት።

ማኅተም ያረፈባትን የ1996ቷን ከፖስታው ለማላቀቅ ዙሪያዋን አንድ ሳንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ልትፈልግ ትችላለች፤ ወረቀቱ ራሱ እስኪንሸራተት አትጎትቱ፤ ከተጎተተ ጀርባዋ ይሳሳል። ቀይ ወይም ባለ ቀለም ፖስታ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይዘፍዘፍ። የ2018ቷን ግን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ሙጫዋ በውሃ አይለቅም፤ ከነወረቀቷ ቆርጦ ማስቀመጥ ነው።

ያልተሠራባት ከጀርባ ወረቀቷ አትላቀቅ፤ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት ሙጫው ወጥቶ ገጹን ይይዛል። የደሴ ክረምት ችግሩ ሌላ ነው፦ በጭጋጉ እርጥበት በውሃ የሚለጠፉት የቆዩ ቴምብሮች ይጠቀለላሉ፣ ቡናማ ነጠብጣብም ያወጣሉ። አልበሙን ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት፤ አትደራርቡት። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለም ያበላሻልና ራቁት። በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዙ።

አንድ ነገር፦ ስብስቡ ስለ ቤተ እስራኤል ከሆነ ሐኑካ ቦታው አይደለም። እነሱ ኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ የራሳቸው በዓል ሲግድ ነው። ደግሞም በአሜሪካ ቴምብር ከደሴ ደብዳቤ አይላክም፤ ለፖስታው የኢትዮጵያ ቴምብር ያስፈልጋል።