ለቀፊራው ሳይክል ሠሪ ምስጋና አለብኝ

የድሬ ልጆች፣ ሳይክላችሁ ከተንገዳገደ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር የሚሠሩትን አባባ ፈልጓቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። የእኔ ምስጋና ግን ለሳይክሉ ብቻ አይደለም፤ ለአውሮፕላንም ነው።

ውጭ አገር በረራ እየተማርኩ ነው። የምማርበት ፓይፐር ካብ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1938 መመረት የጀመረ፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ሚጢጢ አውሮፕላን። ሁለቱ ዋና ጎማዎች ከፊት ናቸው፣ ትንሿ ጅራቱ ሥር። መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫውን ሽቅብ ስለሚቀስር፣ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ አይታየውም።

ለእረፍት ከመምጣቴ በፊት፣ ለመነሳት ስንደረደር ጅራቱን ቶሎ ላንሳ ብዬ መሪውን ወደ ፊት ገፋሁት። አፍንጫው ወደ ግራ እብስ አለ። አፍንጫውን ወደ ቀኝ የሚመልሰውን የቀኙን ፔዳል ዘግይቼ ረገጥኩ፣ ያውም አብዝቼ። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ! አስተማሪዬ ነዳጁን ቀነሰ፣ ከማኮብኮቢያው ወጥተን ሣር ላይ ቆምን። ሁሉም ደህና። ሞራሌ ግን ድሬ የገባው ተሰብሮ ነው።

ታዲያ የወንድሜን ሳይክል ላሠራ ሄድኩ። የፊት ጎማው ወልጋዳ ነበር። አባባ ቸርኬውን እያሽከረከሩ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ያስጠጋሉ። ጥፍራቸውን «ትክ» ካደረገው ያቆሙና እዚያ ጋ ያሉትን ሽቦዎች ያስተካክላሉ። ደግሞ ያሽከረክራሉ። «ምን ሆነህ ነው ያኮረፍከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

ከዚያ ጎማውን በመሃል ዘንጉ አስያዙኝ፤ አንድ እጄ ከወዲህ፣ አንድ እጄ ከወዲያ፣ ልክ ከፊቴ እንዳለ ፕሮፔለር። በሰዓት አቅጣጫ አሾሩት። «አናቱን ወደ ፊት ድፋው።» ደፋሁት። ወላሂ፣ ጎማው ወደ ግራ ጠመዘዘኝ! «አሁን ቀስ ብለህ።» ቀስ ስል እሱም ቀስ አለ። ጅራት ሲነሳ ፕሮፔለሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሞተሩ ጉልበትና የፕሮፔለሩ ነፋስም ወደዚያው ወደ ግራ እንደሚገፉ አንብቤ ነበር። በእጄ ይዤው ግን አላውቅም።

ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ባጃጅ ነጂ ጣልቃ ገባ፤ «አቦ፣ ባጃጅ በሪቨርስ ፈጥነህ ሞክረሃል? ትንሽ ከጠመመ ራሱ ይጨርሰዋል።» ልክ ነው። የካብም ክብደት ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚያርፍ፣ አንዴ ከጠመመ ጅራቱ አፍንጫውን ሊቀድም ይሮጣል። አፍንጫው ሥር ጎማ ያለው አውሮፕላን ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ስለሆነ ራሱን ማቃናት ይቀናዋል።

ተመልሼ ስበር ነዳጁን በቀስታ ሰጠሁ፣ ጅራቱን በልመና አነሳሁ፣ ቀኝ እግሬን ሳይጠማዘዝ በፊት አዘጋጀሁ። መሃል መስመሩን ይዞ ሄደ። አስተማሪዬ ምንም አላለኝም። እሱ ዝም ካለ አሪፍ ነው።

አባባ ዋጋ የሚነግሩት ሥራው ሳይጀመር ነው፣ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ይመልሱላችኋል። ለትምህርቱ ሳንቲም አልተቀበሉኝም፤ «አብሽር፣ ለሻይ ትመጣለህ» ብቻ። ቀትር ላይ አትሂዱ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ አይገኙም።

ወንድሜ አሁን መሪውን ለቆ ነው የሚነዳው። እናቴ እንዳትሰማ።