ለደብረ ማርቆሱ የመነጽር ባለሙያ ምስጋና፣ ማብረር ለሚመኙ የጎጃም ልጆችም ጥቆማ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ዓመታት ዘግይቻለሁ። የማመሰግናቸው ሰው በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይን እየለኩ መነጽር የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመኑኝ፣ ደንበኞቻቸው ሁሉ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ ዛሬ የመንገደኞች አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነኝ፤ ወደ ሥራ የምገባውም አንድ መነጽር በዓይኔ፣ ሌላ መጠባበቂያ መነጽር በቦርሳዬ ይዤ ነው። ሁለቱንም የሠሩልኝ እርሳቸው ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. ቢቸና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳው ይደበዝዝብኝ ጀመር። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆናቸውን በሬዲዮ ከሰማሁበት ቀን አንሥቶ፣ ከማብረር በቀር ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ፣ የዓይኔን ነገር ከቤተሰቤ ደበቅሁ። በኋላ የሄድሁበት አንድ ቤት በችኮላ ለክቶ መነጽር ሰጠኝ፤ ምኞቴን ስናገርም «መነጽር ያደረገ ሰው አውሮፕላን አያበርም፤ ሌላ ሙያ ፈልግ» ተባልሁ። መነጽሩ ራሴን እየወቀረ እንቅልፍ ሲነሣኝ እናቴ ከጎተራ ጤፍ አውጥታ ሸጠችና ደብረ ማርቆስ ወሰደችኝ።

ጋሼ በዚያን ቀን አልለኩኝም። «ልጄ፣ መኪና ሲያንገላታህ ውለሃል፤ የደከመ ዓይን ይዋሻል፤ ተኝተህ ጠዋት ና» አሉኝ። የማደሪያ ገንዘብ እንደሌለን ሲረዱም ዘመዳቸው ቤት አሳደሩን። በማግስቱ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ፣ ሳይቸኩሉ፣ እየደጋገሙ ለኩ፤ የፊተኛው መነጽር የሌንሱ መሐል ከዓይኔ ብሌን ጋር እንደማይገጥም በማስመሪያ አሳዩኝ። ከዚያም ማንም ያልጠየቃቸውን አንድ ነገር አደረጉ፤ ባለ ቀለም ነጠብጣብ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተው በነጠብጣቦቹ መካከል የተደበቁትን ቁጥሮች አስነበቡኝ። ሁሉንም ስጨርስ ወደ እናቴ ዘወር ብለው «እሜቴ፣ ልጅዎን የሚያሰጋው ይህ እንጂ መነጽሩ አልነበረም፤ ይህን አልፏል» አሏት።

ያሉት እውነት እንደሆነ በኋላ በሥልጠናው አረጋገጥሁ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የአየር መንገድ አብራሪ በእያንዳንዱ ዓይኑ ቢያንስ 6/9፣ በሁለቱም በአንድነት 6/6 እንዲያይ ይጠይቃል፤ 6/9 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚለየውን ፊደል ከ6 ሜትር መለየት ማለት ነው። ይህ ልክ በመነጽር ቢሟላም ይፈቀዳል፤ ግዴታው መነጽሩን አድርጎ ማብረርና ሁለተኛ ጥንድ በቅርብ መያዝ ነው። ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለማረፍ ስንቃረብ በማኮብኮቢያው ጎን ያሉት አራት መብራቶች ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ከሆኑ ከፍታችን ትክክል ነው፤ አራቱም ነጭ ከሆኑ በጣም ከፍ ብለናል፣ አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብለናል። ለዚህ ነው ቀለም የመለየት ችሎታ በጥብቅ የሚመረመረው።

ሥራ ከጀመርሁ በኋላ የእርሳቸውን ጥንቃቄ ይበልጥ ተረዳሁት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ የአየር ጠባዩንና የነዳጁን ስሌት አንብቤ፣ አውሮፕላኑን በእግሬ ዞሬ አይቼ የምቀመጥበት ቀን ብዙ ነው። በረጅም በረራ የካቢኑ አየር እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ ዓይን ይደርቃል። የጆሮ ማዳመጫው ለሰዓታት ሲጫን ወፍራም የመነጽር ክንድ ጆሮ ሥር ያቆስላል፤ የአብራሪው የኦክስጅን ጭንብል ደግሞ መነጽሩን ሳያፈናቅል በ5 ሰከንድ ውስጥ መጠለቅ አለበት። ይህን ስነግራቸው ክንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ፍሬም አፈላልገው አመጡልኝ። የፀሐይ መነጽር ስፈልግም ፖላራይዝድ የሆነውን፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚያጣራውን፣ አልሸጥልህም ብለው መለሱኝ፤ የኮክፒቱን (የአብራሪዎቹን ክፍል) ስክሪኖች ሊያጠቁር እንደሚችል ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር። ዓይኔን ከመለካታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ነው፤ ጥምቀትንም ፋሲካንም ሰማይ ላይ ለሚያሳልፍ፣ እንቅልፉ ከቀን ወደ ሌሊት ለሚገላበጥ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከልብ እንደሚገባ የሚያውቀው የኖረበት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አንጋፋ ካፒቴን በዕድሜ ምክንያት የቅርብ ጽሑፍ አልታይ ብሏቸው ተቸግረው ነበር። በተለመደው ባለ ሁለት እይታ መነጽር የቅርቡ ሌንስ ከታች ብቻ ነው፤ እኛ ግን ከራሳችን በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ማብሪያዎችም ማንበብ አለብን። ጋሼ ካፒቴኑን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ከዓይናቸው እስከ ፊት ሰሌዳውና እስከ ላይኛው ሰሌዳ ያለውን ርቀት በቃል አስነግረው በሜትር ለኩና፣ የቅርቡ ሌንስ ከላይም ከታችም ያለበትን መነጽር አዘዙላቸው። ካፒቴኑ ለዚህ ብለው ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግረው መምጣታቸውን አንድ ቀን አልቆጩበትም።

ለሚሄዱ ሰዎች ልንገራችሁ፤ ጋሼ ዘገምተኛ ናቸው። ሌንስ ከአዲስ አበባ ስለሚያዝዙ ሳምንትና ከዚያ በላይ ልትጠብቁ ትችላላችሁ፤ የዓይን ሞራና ሌላ ሕመም የጠረጠሩበትንም ሰው መነጽር ሳይሸጡ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ልጃችሁ ማብረር የሚመኝ ከሆነ ግን ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ አትጠብቁ፤ ደኅና እንቅልፍ ተኝቶ፣ የቀድሞ መነጽሩን ይዞ በጠዋት ይሂድ፤ የቀለሙን መጽሐፍ እንዲያስነብቡትም ይጠይቃቸው። ለዚያ ምርመራ ከተማሪ ገንዘብ አይቀበሉም። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።