በስልካችሁ «ነጻ ሙከራ» ከመጫናችሁ በፊት ገጹን በዴስክቶፕ እዩት

ወገን፣ በስልክ ብሮውዘር የካርድ ቁጥር ልታስገቡ ከሆነ ትንሽ ታገሱና ይህን አንብቡ። በተለይ «ነጻ ሙከራ» እያሉ ካርድ ለሚጠይቁ ሳይቶች። በቅርቡ አንዱ ከእህቴ ካርድ ላይ የሙሉ ዓመት ክፍያ ባንዴ ቆረጠ። እሷ ያየችው ገጽ ላይ ስለ ዓመት የሚያወራ ነገር አልነበረም። ነገሩ የተገለጠልን ያንኑ ገጽ በላፕቶፕ ስንከፍተው ነው።

ሁለቱን ስክሪን ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። አገልግሎቱ ፎቶ ማስተካከያ ነው። ላፕቶፑ ላይ ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የካርድ መሙያው፣ በቀኝ የሂሳቡ ዝርዝር። ዝርዝሩ «ዛሬ የሚከፈል፦ ዜሮ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሙከራው ሲያልቅ የዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ እንደሚቆረጥና በየዓመቱ በራሱ እንደሚታደስ ተጽፏል። በሚነበብ ፊደል ነው የተጻፈው።

ስልኩ ላይ ያለው ግን «ዛሬ የሚከፈል፦ ዜሮ» የሚለው ብቻ ነው። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ቀስት አለች። ቀስቷን የነካ ሰው ዝርዝሩን ያያል፣ ያልነካ አያይም። «ጀምር» የሚለው ትልቅ ቁልፍ ደግሞ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ተጣብቋል። ገጹን ወደ ላይም ወደ ታችም ብትገፉት አይነቃነቅም። ስለ መሰረዝ የሚናገረው ደቃቅ ጽሁፍ በዚያው ቁልፍ ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ገጾች መለያየታቸው በራሱ ተንኮል አይደለም። ኢታን ማርኮት የሚባል ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2010 «ሪስፖንሲቭ ዲዛይን» የሚለውን ስያሜ ካወጣ ወዲህ፣ አብዛኛው ሳይት እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ይቀያይራል። ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን የነበሩ ነገሮች ስልክ ላይ አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ። በቀኝ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል ወይም ይታጠፋል። ምን ይታጠፍ፣ ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው ግን ሰው ነው። የክፍያ ቁልፉን ከፊት አስቀምጦ የክፍያውን ሁኔታ አጥፎ የደበቀ ድርጅት ቦታ ጠቦት ነው ብዬ አላምንም። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበረው።

ሌላም አለ። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን የጥያቄ ምልክት ወይም ኮከብ ላይ ስታሳርፉት ማብራሪያ ብቅ ይላል። ስልክ ላይ ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሳይቱ በሌላ መንገድ ካላሳየ ያ ማብራሪያ ጭራሽ አይደርሳችሁም። የሚያስፈራው ሁኔታ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያች ኮከብ ሥር ነው።

በየትኛው መሣሪያ እንደገባችሁ የምታዩትን ዋጋና ምርጫ ሊለውጥ እንደሚችልም ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦርቢትዝ የተባለው የጉዞ ሳይት፣ አፕል በሚሠራው ማክ ኮምፒውተር ለሚገቡ ሰዎች ወደድ ያሉ ሆቴሎችን ቀድሞ ያሳይ እንደነበር በጋዜጣ ወጥቷል። ምክንያቱ ደግሞ የማክ ተጠቃሚዎች ለአንድ ሌሊት እስከ 30 በመቶ የሚበልጥ እንደሚያወጡ ማወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አንዳንድ ሳይቶች ለሞባይል ተጠቃሚ ሌላ ውጤት እንደሚያሳዩ አግኝተዋል። ልዩነቱ አንዳንዴ ለስልክ ተጠቃሚ ያደላል፣ አንዳንዴ ይጎዳዋል። በአንዱ ብቻ አይቶ «ዋጋው ይህ ነው» ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ላፕቶፕ የሌለው ምን ያድርግ? ላፕቶፕ አያስፈልግም። አንድሮይድ ላይ ክሮምን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ ከሚዘረዘረው ውስጥ «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን ምረጡ። አይፎን ላይ ሳፋሪ ስትጠቀሙ፣ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ስትነኩ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዴስክቶፑን የሚጠይቅ ምርጫ አለ። ብሮውዘሩ ለሳይቱ «ስልክ ነኝ» ማለቱን ትቶ «ኮምፒውተር ነኝ» ይላል፣ ገጹንም አስፍቶ ያሳያል። ፊደሉ ይደቅባችኋል። ስልኩን አግድም ያዙት፣ በሁለት ጣት እያሰፋችሁ አንብቡ። ያደክማል፣ ግን የዓመት ክፍያ ከማጣት ይሻላል። አንዳንድ ሳይት እምቢ ብሎ ወደ ሞባይሉ ይመልሳችኋል። እንደዚያ ሲሆን አድራሻውን ተመልከቱ፤ «ኤም» በምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ የሚጀምር ከሆነ እነሱን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱት።

ጊዜውን ግን ምረጡ። ሞባይሉን ወደ ዴስክቶፕ ስትቀይሩ ገጹ እንደ አዲስ ይጫናል፤ የሞላችሁት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት ቀይሩ። «ክፈል» የሚለውን ከነካችሁ በኋላ ግን በፍጹም አትቀይሩ፣ ገጹንም አታድሱ። ክፍያው ሁለቴ ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ የባንካችሁን መልእክት ጠብቁ።

ሊንኩን ያገኛችሁት ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ከሆነ ገጹ እዚያው አፑ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ሙሉ አድራሻው አይታይም። መጀመሪያ ወደ ዋናው ብሮውዘር አውጡት። ይህ ሐሰተኛ ሳይት ለመለየትም ይረዳል፤ የስልክ ስክሪን ረጅም አድራሻ ስለሚቆርጥ አጭበርባሪዎች የታወቀ ስም ከፊት አስቀድመው እውነተኛውን አድራሻ ከኋላ ይደብቁታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ መሰረዝ። እህቴ ስልኳ ላይ አካውንቷን ከፍታ ያገኘችው ስም፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃልና «እርዳታ» ብቻ ነው። ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ) የሚል ነገር የለም። «እርዳታ» ደግሞ መልሶ ወደ አካውንቱ ይልካል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ወደ ዴስክቶፕ ስንቀይረው በግራ በኩል «ክፍያና ፕላን» የሚል መስመር ብቅ አለ። መሰረዣው እዚያ ውስጥ ነበር። ስልክ ላይ ለመግባት ሁለት ንክኪ የሚበቃውን ነገር፣ ለመውጣት የተደበቀ በር ማበጀት ነውር ነው። በሌላ አገር በሕግ የተከለከለበት ቦታም አለ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ሰብስክሪፕሽን የሚሸጥ ሁሉ በግልጽ የሚታይ የመሰረዣ ቁልፍ ማስቀመጥ አለበት። ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። የማያደርጉት ስለማይፈልጉ ነው።

የጀመራችሁት በአፕ ከሆነ ደግሞ ሳይቱ ላይ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። በአፕል ወይም በጉግል ፕሌይ በኩል የተከፈለ ሰብስክሪፕሽን የሚሰረዘው እዚያው ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁን ነክታችሁ «ሰብስክሪፕሽንስ» ግቡ። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ የፕሮፋይላችሁን ምስል ንኩ፤ የክፍያና የሰብስክሪፕሽን ክፍሉ እዚያ አለ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያስቆምም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

ስክሪንሾትም አንሱ። የሞባይሉንም የዴስክቶፑንም፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ዋናው ነገር «ጀምር» የሚለው ቁልፍና የተደበቀው ሁኔታ በሁለቱ ላይ እንዴት እንደሚታዩ ነው። እህቴ መጀመሪያ ስትጽፍላቸው «ሁኔታውን ተቀብለሻል» የሚል የተዘጋጀ መልስ ነው የላኩላት። ሁለቱን ምስሎች አያይዛ ድጋሚ ስትጽፍ ነው አነጋገራቸው የተለወጠው። ድርጅቱ እምቢ ካላችሁ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ በጽሁፍ አመልክቱ፣ ምስሎቹን አያይዙ፣ የሰረዛችሁበትን ማረጋገጫ ኢሜይልም ጨምሩ። ባንኮች ለእንዲህ ዓይነቱ አቤቱታ የጊዜ ገደብ ስላላቸው ገንዘቡ የተቆረጠ ዕለት ጀምሩት።