ስታንፎርድ ወይስ ቫንደርቢልት?

የማወራው ስለ ሁለቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ነው፤ ስለ ሞላላው ኳስ። ቡድን ለመገንባት የማን መንገድ ይሻላል? ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ12 ጨዋታ 1 ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ መጥቶ በትምህርትም የሚያልፉ ልጆችን ከየሁለተኛ ደረጃው መልምሎ ቀስ እያለ አሳደገ። በ2010 12 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ። ተተኪው ዴቪድ ሾውም ሦስት ጊዜ የምድቡን ዋንጫ አነሳ። ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርገው ዝውውር ሲለቀቅ ግን ጥብቁ የመግቢያ መስፈርት እግሩን ያዘው፤ በ2022 ያሸነፈው 3 ብቻ ነው።

ቫንደርቢልት አቋራጩን፣ ማለትም ዝውውሩን መረጠ። በ2023 ከ12 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፎ ነበር፤ ከዚያ ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራውን ተጫዋች (ኳርተርባክ) ዲዬጎ ፓቪያን ከኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከማጥቃት አሰልጣኙ ጋር አመጣ። በ2024 በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረውን የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 40 ለ 35 ጣለው። ደጋፊው የግቡን ብረት ነቅሎ፣ በናሽቪል ጎዳና ተሸክሞ ከምበርላንድ ወንዝ ከተተው (ብረቱ ምን በደለ!)። ልቤ ከስታንፎርድ ጋር ነው፤ ዛሬ ቡድን ስራ ብባል ግን የቫንደርቢልትን መንገድ እይዛለሁ።